ሙዝ ወቅት የለውም፤ ሠራተኛው ግን “ጊዜያዊ” ነው

ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ በጫኖና በላንቴ ቀበሌዎች ሙዝ ሲጫን ያየ ሰው የአካባቢውን የሥራ ገበያ ጠባይ ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ሙዙ የሚቆረጠው ጥሬውን ነው፤ የሚበስለው አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ነው። አንዱ ይቆርጣል፤ ሌላው ከነዘንጉ በትከሻው ተሸክሞ ከማሳው እስከ መንገዱ ያመላልሳል፤ ሁለት ሦስቱ አይሱዙው ላይ ወጥተው ቅጠል እያነጠፉ ይደረድራሉ። ከተቆረጠው ዘንግ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ልብስ ላይ ካረፈ በሳሙና የማይለቅ ጥቁር ምልክት ስለሚተው የጫኝ ሸሚዝ ከሩቅ ይታወቃል። ሸራው ተወጥሮ ገመዱ ሲጠብቅ ሒሳቡ ከእጅ ወደ እጅ ይከፈላል። የሚፈረም ወረቀት፣ የሚመዘገብ ስም፣ የነገ ቀጠሮ የለም። መኪናው ይሄዳል፤ ሠራተኛው ሌላ መኪና መጠበቅ ይጀምራል።

ይህ ሰው “የቀን ሠራተኛ” ይባላል። በዚያው ከተማ፣ አንዳንዴም በዚያው ቤት ውስጥ፣ ቋሚ ቅጥር ያለው ወንድም ወይም እህት አለው፤ ወር ሲሞላ ፔሮል ላይ የሚፈርም፣ ሲታመም ፈቃድ የሚሞላ፣ አለቃው ሲበድለው ጉዳዩን የሚይዝለት የሠራተኛ ማኅበር ያለው። የሁለቱ ልዩነት ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ገንዘብ ነው። የአንድ ቀን ሒሳብ ብቻ ከታየ ግን ጉልበት በሚፈለግበት ሰሞን ጫኙ ከቋሚው የተሻለ ይዞ ሊገባ ይችላል። ትልቁ ልዩነት ሌላ ቦታ ነው። ቋሚው መብቱን ጠይቆ በማግሥቱ ሥራው ላይ ይገኛል። ጊዜያዊው በጠየቀበት ዕለት ሥራው ያልቃል፤ ማንም አባረርኩህ ሳይለው፣ ነገ አትጠራም በሚል ዝምታ ብቻ።

የአገሪቱ ሕግ ለጊዜያዊ ቅጥር ጠባብ በር ነው የተወው። በሩ በተግባር ወለል ብሎ የተከፈተው ሕጉ ስለጎደለ አይደለም፤ ጠያቂ ስለጠፋ ነው። ጠያቂ መሆን የነበረባቸው ደግሞ ሁለት ናቸው፦ የመንግሥት ተቆጣጣሪና የቋሚዎቹ ማኅበር።

ሕጉ የፈቀደው ጥቂት ነው

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 9 የሚነሳው ከሠራተኛው ወገን ነው። ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። መነሻው ቋሚነት ነው፤ ጊዜያዊነት ከመነሻው የሚያፈነግጥ ነገር በመሆኑ ምክንያት ሊቀርብለት ይገባል። ምክንያቶቹን አንቀጽ 10 አንድ በአንድ ቆጥሯቸዋል፦ የተለየ ሥራ ሠርቶ ለመጨረስ፣ በፈቃድ ወይም በሕመም የቀረን ሠራተኛ ለመተካት፣ ከወትሮው የበዛ ሥራ ሲያጋጥም፣ በሰው ወይም በንብረት ላይ ሊደርስ ያለን አደጋ ለመከላከል፣ አልፎ አልፎ ለሚከሰት ሥራ፣ በዓመቱ የተወሰነ ጊዜ ላይ ለሚመላለስ ወቅታዊ ሥራ፣ እንዲሁም በድንገት የተለቀቀን ወይም መዋቅሩ ተዘጋጅቶ ገና ያልተሟላን ክፍት ቦታ ለጊዜው ለመሸፈን። በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሁኔታዎች የሚደረግ ቅጥር ከ45 ተከታታይ ቀናት ሊበልጥ አይችልም፤ የሚደረገውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

የጋሞ ዞን እርሻ ይህን አንቀጽ ለመፈተን የተመቸ ነው። ጥጥ ወቅት አለው። ፍሬው ሲፈነዳ መልቀም ግድ ነው፤ ለቀማው ሲያልቅ ሥራው ያልቃል። ስለዚህ ለቃሚን ለወቅቱ መቅጠር የሕጉን ቃልም መንፈሱንም የጠበቀ ነው። በቆላው ቀበሌዎች ወባን ለመከላከል ቤት ለቤት ለሚደረገው የመድኃኒት ርጭት ሰው በዘመቻ መቅጠርም እንዲሁ። ሙዝ ግን ወቅት የለውም። በኩልፎ፣ በሐሬና በባሶ ወንዞች መስኖ የሚለማው ሙዝ ዓመቱን ሙሉ ይቆረጣል፣ ዓመቱን ሙሉ ይጫናል። አንዱ ግንድ ሲቆረጥ ከሥሩ የበቀለው ቀጥሎ ያፈራል። በአንድ ሰፊ የሙዝ እርሻ ላይ ለዓመታት ውኃ ሲያጠጣ፣ ሲኮተኩትና ሲቆርጥ የኖረን ሰው “ወቅታዊ ሠራተኛ” ብሎ መዝገብ ላይ ማስፈር ተክሉ ራሱ የሚያስተባብለው ነገር ነው።

ጥበቃና ጽዳትም እንደ ሙዝ ናቸው። የሚጠበቅ ግቢ ነገም ይጠበቃል፤ የተጠረገ ፎቅ ነገም ይቆሽሻል። ሆኖም በከተሞቻችን በየሦስት ወሩ ወይም በየስድስት ወሩ በሚታደስ ውል የሚሠሩት በብዛት እነዚሁ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ውላቸው ከባንኩ፣ ከሆቴሉ ወይም ከፋብሪካው ጋር ሳይሆን በመካከል ከገባ ኤጀንሲ ጋር የሚሆንበት ጊዜም ብዙ ነው። ያን ጊዜ ሠራተኛዋ አቤት ልበል ብትል ወለሉን የምትጠርግበት ድርጅት ወደ ኤጀንሲው ይልካታል፤ ኤጀንሲው ደግሞ ደንበኛዬ ውሉን አላደሰም ይላታል።

ሕጉ ወረቀት የሌለውን ሠራተኛም አልረሳም። የሥራ ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ውል በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ሊመሠረት ስለሚችል በካቦ ወይም በደላላ በኩል መቀጠር አሠሪውን ከኃላፊነት አያወጣውም። የሙከራ ጊዜው ሳያልቅ አሰናብቶ መልሶ መቅጠር የሚለው የታወቀ ዘዴም ተዘግቷል፤ በአንድ ድርጅት ውስጥ ለዚያው ሥራ ዳግም የተቀጠረ ሰው እንደገና ለሙከራ አይቀመጥም።

ልዩነቱ በብር ሲተመን

የሁለቱን ዋስትና ጎን ለጎን ለማየት ለምሳሌ ያህል በቀን 300 ብር የሚያገኙ ሁለት ሠራተኞችን እናስብ። አንዱ ቋሚ ነው፤ ሌላው የሦስት ወር ውል አለው፤ ውሉ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶታል። ሁለቱም ያለ በቂ ምክንያት ተባረሩ። ፍርድ ቤት ወደ ሥራ ካልመለሰው ቋሚው የአማካይ ዕለታዊ ደመወዙን 180 እጥፍ፣ ማለትም 54,000 ብር፣ ከማስጠንቀቂያ ጊዜው ክፍያ ጋር ያገኛል። ጊዜያዊው የሚያገኘው ውሉ እስኪያልቅ ድረስ ይከፈለው የነበረውን ብቻ ነው፤ የአንድ ወር፣ ቢበዛ 9,000 ብር። አሠሪው አንድ ወር ታግሦ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ምንም አይከፍልም ነበር። የውሉ ጊዜ ሲያልቅ ውሉ በሕግ ይቋረጣልና ማባረር የሚባል ነገር አልተፈጸመም።

በሴት ሠራተኛ ላይ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። አዋጁ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል፤ በድምሩ 120 ቀን። በሦስት ወር ውል ለምትሠራ የጽዳት ሠራተኛ የወሊድ ፈቃዷ ከውሏ ይረዝማል ማለት ነው። መብቱ በአዋጁ ላይ አለ፤ የሚያርፍበት ጊዜ ግን የለም። እርግዝናዋ ሲታወቅ ውሉ እንዲሁ ሳይታደስ ቢቀር ምክንያቱ እርግዝናው መሆኑን የማስረዳት ሸክም የሚወድቀው በእሷ ላይ ነው።

ጡረታም እንዲሁ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሥርዓት ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ ለዘለቄታ አበል የሚያበቃው ደግሞ ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ነው። ውሉ በተቆረጠ ቁጥር መዋጮውም ይቆረጣል። ጉልበቱን ከሃያ ዓመት በላይ የሸጠ የቀን ሠራተኛ በስሙ የተመዘገበ አንድ ዓመት እንኳ ሳይኖረው ሊያረጅ ይችላል።

ቅነሳ ሲመጣ ደግሞ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። አንድ ድርጅት ከሠራተኞቹ 10 በመቶውን ለመቀነስ ቢነሳ ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካይ ጋር መመካከር፣ ችሎታንና አገልግሎትን አይቶ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚወጣ መለየት ግዴታው ነው። መቶ ጊዜያዊ ሠራተኞች ውላቸው ባይታደስ ግን በሕጉ ቋንቋ የተቀነሰ ሰው የለም።

በመንግሥት ቤት ያለው ወለል

አርባ ምንጭ ላይ ነገሩን የሚያወሳስብ አንድ እውነት አለ። በከተማው ቋሚ ሥራ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የመንግሥት ነው። በ1979 ዓ.ም. በውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት ተጀምሮ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም፣ ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቶቹ፣ የዞንና የክልል መሥሪያ ቤቶች ሁሉ የሚተዳደሩት በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። አዋጅ 1156 እነዚህን ሠራተኞች አይመለከትም፤ ስለዚህ በአዋጁ መሠረት የሠራተኛ ማኅበር አያቋቁሙም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ግን የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች እንዲደራጁ ይፈቅዳል። በሕገ መንግሥቱና በዝርዝር ሕጉ መካከል ያለው ይህ ክፍተት ሦስት አሥርት ዓመታት ተሻግሯል።

ስለዚህ በከተማው ውስጥ ያለው ሦስት እርከን ነው። ከላይ ቋሚም ማኅበርም ያለው የድርጅት ሠራተኛ አለ። ቀጥሎ ማኅበር ባይኖረውም የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ የሚጠብቀው ቋሚ ሠራተኛ አለ። ከሥር ሁለቱም የሌለው ይገኛል። በመካከለኛው እርከን ያለው ሰው ብዙ ቅሬታ አለው፤ ደመወዙ ከገበያው ኋላ መቅረቱ እውነት ነው። ቢሆንም ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ሲያድግ ጭማሪው በስሙ ደርሶታል። የቀን ሠራተኛው ወለል የለውም። አዋጅ 1156 ዝቅተኛ ደመወዝን እያጠና የሚያሻሽል የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ ደመወዝ እስካሁን አልተወሰነም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ የዘይትና የጤፍ ዋጋ ለሦስቱም እኩል ነው የናረው። ጭማሪ ለመጠየቅ አድራሻ ያላቸው ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው።

የቋሚዎቹ ማኅበር ወዴት ያያል?

የኢትዮጵያ ሠራተኞች መደራጀት የተገኘው በችሮታ አልነበረም። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የመጀመሪያው የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ጉልበቱን ካገኘባቸው ቦታዎች ዋናው ወንጂ ስኳር ነበር፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አብርሃም መኮንንም ከዚያው የወጡ ናቸው። ወንጂ ግን ሌላ ሕዝብም ነበረው። በቆረጣ ወቅት ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ እየመጡ ሸንኮራ ቆርጠው የሚመለሱ ወቅታዊ ሠራተኞች። ቋሚና ወቅታዊ በአንድ ግቢ፣ በሁለት ዓይነት ዕጣ መኖር ከጅምሩ አብሮን ያለ ነገር ነው።

ዛሬ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በሥሩ የእርሻም የጨርቃ ጨርቅም ፌዴሬሽኖች አሉት፤ ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲወሰንም ደጋግሞ ጠይቋል። ችግሩ ያለው ታች፣ በመሠረታዊ ማኅበሩ ላይ ነው። አዋጁ ማኅበር መመሥረትን ለቋሚ ሠራተኛ ብቻ አላለም። ልማዱ ግን እንዲያ ሆኗል፤ መዋጮው ከወር ደመወዝ ላይ ስለሚቆረጥ የወር ደመወዝ የሌለው ሰው አባል ተደርጎ አይታሰብም። የኅብረት ስምምነት ድርድር ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው የቋሚዎቹ ጥያቄ ነው፦ የደረጃ ዕድገት፣ ቦነስ፣ የደንብ ልብስ፣ የሕክምና ወጪ። በር ላይ የቆመው ጠባቂ በኤጀንሲ መሆኑን ማንም አያነሳም። እንዲያውም አንዳንዴ የጊዜያዊዎቹ መኖር ለቋሚዎቹ ይመቻል፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚወጡት እነሱ ስለሆኑ ቋሚው እንደ መከላከያ ያያቸዋል።

አርቆ ላሰበ ይህ ስሌት አያዋጣም። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ ጡረታ የወጣው የአንድ ቋሚ ቦታ በኮንትራት ሲተካ፣ ዓመት ቆይቶ የጽዳቱ ክፍል ለኤጀንሲ ሲሰጥ፣ ቀጥሎ ጥበቃው ሲከተል ማኅበሩ በየመሐሉ አባላት እያጣ ነው። የአባል ቁጥሩ የሳሳ ማኅበር የመደራደር አቅሙም ይሳሳል። በዚያ ላይ አሠሪው የቋሚውን ጭማሪ ጥያቄ ሲሰማ በር ላይ በግማሽ ዋጋ ለመሥራት የተሰለፈውን ሰው ያሳየዋል። የጊዜያዊው መብት የቋሚው ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ማኅበር በሌለበት የጋሞ ሰው የሚሄድበትን ያውቃል፤ ወደ ሽማግሌ ይሄዳል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. እርጥብ ሣር ይዘው በአርባ ምንጭ ጎዳና ላይ ተንበርክከው ለበቀል የተነሱ ወጣቶችን የመለሱ አባቶች ያሉበት አገር ነው። ክፍያ የከለከለ ነጋዴ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ የሚያፍረው ሰው አለ። የሽምግልና ጉልበት ግን እዚያ ላይ ያበቃል። ሽማግሌ የትናንቱን ሒሳብ ያስከፍላል፤ ለነገው ውል አያስፈርምም፣ የጡረታ መዋጮ አያስገባም።

አሠሪውም የሚለው አለው

በግማሽ ሄክታር ላይ ሙዝ የተከለ ገበሬ ለአንድ ቀን ሁለት ሰው ሲያሠራ የጡረታ መዋጮ ክፈል ማለት ማላገጥ ነው። ነጋዴውም ቢሆን መንገድ ሲዘጋ፣ ነዳጅ ሲጠፋ፣ አዲስ አበባ ላይ ዋጋ ሲወርድ ሙዙ መጋዘን ተቆልፎበት አይቆይለትም። ሆቴሎቹም በጥምቀትና በፋሲካ ሰሞን ሞልተው በሌላው ጊዜ ክፍሎቻቸው ባዶ ሲያድሩ እናያለን። ቅጥር ከባድ ከሆነ ጨርሶ አይቀጥሩም፤ ያን ጊዜ የሚጎዳው ሥራ ፈላጊው ወጣት ነው የሚለው ሙግት ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም።

ይሁን እንጂ ለዚህ ሙግት መልሱ በአንቀጽ 10 ውስጥ አለ። ሕጉ ለእውነተኛ መዋዠቅ በቂ መውጫ ትቷል፤ የበዓል ሰሞን ግርግር “ከወትሮው የበዛ ሥራ” በሚለው ይሸፈናል። የሚከለክለው ዓመቱን ሙሉ የሚሠራን ሥራ እየቆራረጡ ጊዜያዊ ማስመሰልን ነው። ጥያቄው የሚነሳውም በግማሽ ሄክታሩ ገበሬ ላይ አይደለም። ሰፋፊ እርሻዎች፣ ፋብሪካዎች፣ ሥራ ተቋራጮች፣ ኤጀንሲዎችና በየሳምንቱ በርካታ መኪና የሚያስጭኑ ነጋዴዎች ናቸው መልስ መስጠት ያለባቸው።

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ዓለም አቀፍ ግዴታም አለባት። እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158 አገሮች የሥራ ዋስትናን ለመሸሽ ሲባል የተወሰነ ጊዜ ውል እንዳይደረግ መከላከያ እንዲያበጁ ይጠይቃል። ደቡብ አፍሪካ ይህን ችግር በቁጥር ነው የቋጨችው። እ.ኤ.አ. ከ2015 መግቢያ ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ፣ ደመወዙ ከተወሰነ ጣራ በታች የሆነና በኤጀንሲ በኩል ከሦስት ወር በላይ የሠራ ሰው በሠራተኛ ሕጉ ፊት የሚያሠራው ድርጅት ሠራተኛ ተደርጎ ይቆጠራል። ኤጀንሲዎቹ ተሟግተው ጉዳዩ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ደርሷል፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2018 ለሠራተኞቹ ማኅበር ፈርዷል። እዚያ ክርክሩን ገፍቶ የወሰደው የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር መሆኑን ልብ ይሏል። ቋሚዎቹ ናቸው ለጊዜያዊዎቹ የተሟገቱት።

ከአዋጁ ውጭ ሳንሄድ

አርባ ምንጭ ላይ አዲስ ሕግ ሳይጠበቅ ሊጀመሩ የሚችሉ ሦስት ሥራዎች አሉ።

የመጀመሪያው የቁጥጥር ነው። የዞኑ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ወደ አንድ ድርጅት ሲገቡ ውሉ ላይ የተጻፈውን ቀን አይተው ከሚመለሱ ሥራውን ቢያዩ ይሻላል። ይህ ሥራ ባለፈው ዓመት በዚህ ወር ነበረ? በሚመጣው ዓመትስ ይኖራል? ለሁለቱም መልሱ አዎ ከሆነና አሠሪው ከአንቀጽ 10 ምክንያቶች አንዱን ማሳየት ካልቻለ ውሉ ምንም ይበል ምን ሠራተኛው ቋሚ ነው። ለዚህ የቀን ሠራተኞች መቆጣጠሪያ ሉህ በቂ ማስረጃ ይሆናል። ካቦው በየማለዳው ምልክት የሚያደርግበት ያ ወረቀት አንድ ስም ስንት ወር እንደተመላለሰ ይናገራል።

ሁለተኛው ሥራ የጫኞቹና የአውራጆቹ ነው። ብዙዎቹ በጥቃቅን ማኅበርነት ተደራጅተዋል፤ ያ ግን ተራ ለመጠበቅና ዋጋ ለመተመን እንጂ ከአሠሪ ጋር የኅብረት ስምምነት ለመፈራረም አያገለግልም። አዋጁ ከ10 በታች ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች ውስጥ ያሉ ሰዎች ተሰባስበው አጠቃላይ የሠራተኛ ማኅበር እንዲመሠርቱ ይፈቅዳል። ከብዙ ትናንሽ ነጋዴዎች ጋር እየተዘዋወረ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ በር የለም። እስካሁን ያላንኳኩት በሩ ስለተዘጋ ሳይሆን መኖሩን የነገራቸው ስለሌለ ነው። ፌዴሬሽኖቹ አንድ አደራጅ ወደ ጫኖና ላንቴ ቢልኩ የሚያወጡት ወጪ ከአንድ የአዳራሽ ስብሰባ ውሎ አበል አይበልጥም።

ሦስተኛው የቋሚዎቹ ነው። የሚቀጥለው የኅብረት ስምምነት ድርድር ሲከፈት አንድ አንቀጽ ይጨመር፦ በቋሚነት የሚሠራ ማንኛውም የሥራ መደብ በጊዜያዊ ውል ወይም በኤጀንሲ አይሸፈንም፤ ከተሸፈነም ማኅበሩ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቃል። የቀን ሠራተኛውም በሚያገኝበት ቀን ልክ መዋጮ እየከፈለ አባል የሚሆንበት መንገድ በመተዳደሪያ ደንቡ ይግባ።

ለሠራተኛው ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ወደ ሥራ መልሱኝ የሚለው ጥያቄ ከተባረሩበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል። ነገ ይጠሩኝ ይሆናል እያለ የሚጠብቅ ጊዜያዊ ሠራተኛ ቀኑን የሚያሳልፈው በዚህ ተስፋ ነው። አሠሪውም ይህን ያውቃል፤ “ትንሽ ታገሥ፣ እንጠራሃለን” የሚለው ቃል ምንም ሳያስከፍለው ሦስቱን ወር ያስጨርስለታል።

ቋሚነት ለሁሉም ይዳረስ ብሎ መከራከር አይቻልም፤ ጥጥ ለቃሚው ወቅቱ ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዓመቱን ሙሉ ሙዝ የሚቆርጠው፣ ሌሊቱን ሙሉ በር የሚጠብቀው፣ በየማለዳው ፎቅ የምትጠርገው ግን ሥራቸው ቋሚ ነው፤ ጊዜያዊ የተባለው ውላቸው ብቻ ነው። ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው አዋጅ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። የጎደለው ገልጦ የሚጠይቅ ሰው ነው፤ ለመጠየቅ ደግሞ ሥራውን የማያጣው ቋሚው ይቀድማል።